የማክሰኞው አመድ

ጉድጓዱ ከደረቀ ሦስተኛ ወሩ ነበር። ሐሙስ ጠዋት የመንደራችን ሹም ከሌላ መንደር ያስመጣው ጉድጓድ ቆፋሪ ወገቡን በገመድ ታስሮ ወረደ። ሁለት ሜትር ብጨምርበት ውሃ አወጣላችኋለሁ ብሎን ነበር። እኛ ሴቶች ባልዲያችንን ይዘን ዙሪያውን ቆመናል። ገመዱ ረገበ፤ ታች ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ ዝም። የአካፋ ድምፅ የለ፣ የሰው ድምፅ የለ።

"አንተ ሰውዬ!" ብሎ ሹሙ አጎንብሶ ተጣራ። "ውሃ አለ?"

የራሱ ድምፅ ነው ተመልሶ የመጣው። ቆይቶ ገመዱ ሁለት ጊዜ ተነቀነቀ፣ አውጡኝ ነው። ሲወጣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ባልዲው ውስጥ ጭቃ አልነበረም፤ አንድ ጥቁር ጫማ ነበር፣ ሶሉ በመኪና ጎማ የተጠገነ። ያንን ጫማ የማያውቅ በመንደሩ የለም።

"ብስክሌት ከላይ አለ" አለ ቆፋሪው። "እሱ ከሥር ነው።"

መምህር ሲያሜ ነው። ልጆቻችንን የሚያስተምረው፣ ደግሞም የድርቁን ገንዘብ ከመንግሥት እያመጣ የሚከፍለን እሱ ነበር። በዚያ ዓመት በቆሎው ጉልበት ላይ ደርሶ ቆሞ ቀረ፤ ነፋስ ሲመጣ ማሳው እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፣ ሌላ ነገር የለውም። ለየቤቱ የተከፈለንን የመጀመሪያውን አራት አራት መቶ ክዋቻ ገንዘብ በልተን ጨርሰን ሁለተኛውን እየጠበቅን ነበር። ሲያሜ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ዝርዝሩን ይዤ ወደ ከተማ እሄዳለሁ ብሎ ነበር። ሄዷል ብለን ሦስት ቀን ሙሉ መንገዱን ስናይ ከረምን። እሱ ከእግራችን ሥር ነበር።

* * *

ኢንስፔክተሩ ከሰዓት በኋላ በሞተር ብስክሌት መጣ። ኢማሲኩ ይባላል፤ ከአገራችን ምዕራብ ነው የመጣው፣ የጎርፍ አገር ሰው። ቋንቋችንን ማዕድን የሚወጣበት ከተማ ነው የተማረው፣ እንደ ድንጋይ ነው ከአፉ የሚወድቀው። የራሱን ውሃ በዘይት ጄሪካን ይዞ ነው የመጣው፤ የኛን አልጠጣም።

ቺፒሊ ሮጦ ወንበር አመጣለት። ቺፒሊ የድርቅ ኮሚቴው ጸሐፊ ነው፤ የባሌ ወንድም ልጅ። በኛ ደንብ የወንድም ልጅ የራስ ልጅ ነው፣ ስለዚህ የእኔም ልጅ ነው፤ እማ ነው የሚለኝ። ካቻምና ክረምት ኮሌራ በአንድ ሳምንት ሦስት ልጆች ወስዶበታል። ከዚያ ወዲህ አይቀመጥም፤ ሰው ሲያዝን ወንበር የሚያመጣ፣ ሰው ሲቆፍር ገመድ የሚይዝ እሱ ነው።

ኢንስፔክተሩ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ ብዙ ቆየ።

"ጨለማ ነበር፣ ተደናቅፎ ገብቶ ይሆናል" አለ ሹሙ።

"ይሆናል። ብስክሌቱስ?"

"እየገፋው ከሆነ..."

"እየገፋው ቢገባ ብስክሌቱ ከፊቱ ነበር የሚገባው። ይኼ ግን ኋላ ነው የመጣው፣ ተነስቶ ተጥሎ ነው።" ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። "ገንዘቡ ገና አልመጣም፣ ስለዚህ ዘረፋ አይደለም። ዝርዝሩ የታለ?"

ዝርዝሩ አብሮት አልነበረም። የሚጽፍበት ደብተርም፣ አሻራ የሚያነሳበት የቀለም ቆርቆሮም የለም። ሰኞ ሲመሽ ከቤቱ ሲወጣ ከታየ ወዲህ ያየው አልነበረም፤ አልጋውም አልተተኛበትም። ቤቱ ሲፈተሽ ጠረጴዛው ላይ የዝርዝሩ የመጀመሪያ ገጽ ብቻ ተገኘ። አንድ ስም ሥሩ በቀይ ተሰምሮበታል። ሉቡንዳ ቺሴንጋ። ጎኑ ላይ ሲያሜ ጽፏል፦ ሞቷል። ማን ፈረመ?

ኢንስፔክተሩ ይህን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሉቡንዳ ባሌ ናቸው።

* * *

በዚያ ማታ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ አመዱን ጣልን። ሰው ሲሞት አሮጌ እሳት ቤት ውስጥ አያድርም። ሞት የነካው እሳት ላይ የበሰለ ምግብ ሕፃናትን ሳል አሲዞ ይገድላል። እያንዳንዷ ሴት ምድጃዋን ጠርጋ፣ አመዱን በገበቴ ይዛ መስቀለኛው መንገድ ላይ ትደፋዋለች። ማንም ማንንም አያናግርም፣ ማንም ወደኋላ አያይም። ከዚያ ሹሙ እንጨት አሻሽቶ አዲስ እሳት ያወጣል፤ ሚስቱ ለየቤቱ ፍም ትሰጣለች።

አንድ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ነበር። ማክሰኞ ሳይነጋ የዱር ሥር ልቆፍር ስወጣ እዚያው መስቀለኛው መንገድ ላይ ባዶ እግሬን ትኩስ ነገር ነካኝ። አመድ ነው፣ ገና አልበረደም። ቆምኩ። ማን ሞተ? ጆሮዬን ጣልኩ፤ ለቅሶ የለም፣ ውሻ አይጮህም። ከሌላ መንደር በዚያ የሚያልፉ ለቀስተኞች ይሆናሉ ብዬ እግሬን በሣር ጠርጌ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። እንዲህ ያለ ነገር መናገር ሞትን መጥራት ነው።

* * *

አርብ ጠዋት ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ ያዘው ዋንጂን ነው፣ ባለሱቁን። እኔ ሱቁ በር ላይ ጨው ልገዛ ቆሜ ነበር፤ ሂጂ አላለኝም፣ አልሄድኩም።

"ባለፈው የክፍያ ቀን ከመምህሩ ጋር አንገት ለአንገት ተያይዛችሁ ነበር አሉ።"

"ማን ነው የተናገረው? አንቺ ነሽ?" አለኝ ዋንጂ።

"መንደሩ ሁሉ አይቷል" አልኩት።

"ተያይዘናል። ሰዎቹ ገንዘባቸው ሲመጣ ሊከፍሉኝ ዱቄት አስቀድሜ ሰጠሁ። መምህሩ ወረፋው አጠገብ እንዳልቆም ከለከለኝ። ታዲያ ለዱቄት ሰው ይገደላል?"

"ሰኞ ሲመሽ የት ነበርክ?"

"ከተማ! መኪናው ድልድዩ ላይ ተበላሽቶ እዚያው አደርን። ሾፌሩን ጠይቀው። ጎማ የሚጠግነውን ሰውዬ ጠይቀው። ማክሰኞ ፀሐይ ወጥታ ነው የገባሁት። ገብቼስ ምን አገኘሁ? በሦስት ቀን የሸጥኩት ሁለት እፍኝ ጨው፣ አንድ የልጅ ሳል መድኃኒት፣ ለጸሐፊው አንድ ክብሪት። ድርቁ እኔንም ነው የገደለኝ፣ እኔ ግን ዝርዝር ውስጥ የለሁም!"

ኢንስፔክተሩ በስልክ ሾፌሩን አገኘው። እውነት ነበር። ድልድዩ ላይ አድረዋል፤ የጎማ ሰውየውም ዋንጂ ሌሊቱን ሙሉ ሲያማርር እንቅልፍ አሳጣኝ አለ።

* * *

ከዚያ ወደ እኔ ቤት መጣ። ወንበሩን ጀርባው ወደ ግድግዳ እንዲሆን አዙሮ ተቀመጠ።

"የሙምባ እናት የሚሉዎት እርስዎ ነዎት? የሉቡንዳ ቺሴንጋ ባለቤት?"

"ነኝ።"

"ባለቤትዎ የት ናቸው?"

"ውሃ ሊቀዱ ወንዝ ወርደዋል።"

እርሳሱ ቆመ። "ሞተዋል ነው የተባልኩት።"

"አዎ፣ ሞተዋል። ሁለት ዓመት ሆናቸው። ከዚያ ከምስጥ ኩይሳው ማዶ ነው የቀበርናቸው።"

"እና ውሃ የሚቀዳው ማን ነው?"

"እሳቸው ናቸው አልኩዎት እኮ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ሰውየው አልተቆጣም፤ ደክሞታል። "እናቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ አራት ሰው ጠይቄያለሁ። ሉቡንዳ የሚባለው ሰው ገንዘቡን ማን ወሰደለት ስላቸው፣ አራቱም ራሱ መጥቶ ወሰደ አሉኝ። የሞተው አይደለም ወይ ስል፣ አዎ ሞቷል ይሉኛል። አንዷ እንዲያውም ወረፋ አልፎ ገባብኝ ብላ ከሰሰችው።"

"ሁልጊዜም ወረፋ ማክበር አይወዱም" አልኩ።

ያኔ ከውጭ ጉሮሮ ተጠረገ። ሁለት ጊዜ፣ አንዴ አጭር አንዴ ረጅም። ባሌ ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሳይሉ ደጃፍ አላለፉም። ኢንስፔክተሩ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ፤ ነገሬ ገብቶት ሳይሆን ከፊቴ ላይ አንብቦ ነው። በሩ ጨለመ።

ምዋባ ባልዲ ተሸክማ ገባች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ ተንበርክኬ ባልዲውን ተቀበልኳት። "እንኳን ደህና ገቡ" አልኩ።

ኢንስፔክተሩ ከኋላዋ ሰው ይመጣል ብሎ በሩን ማየቱን ቀጠለ። ማንም አልመጣም።

"ባሌ እሳቸው ናቸው" አልኩት።

የምስቅበት መስሎት ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ነገርኩት። ሰው ሲሞት ስሙ ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ከእናቱ ወገን አንድ ሰው ይወርሰዋል። ባሌ ሲሞቱ ወንድሞቻቸው ሁሉ ቀድመዋቸው ሞተው ነበር፤ የወንድም ልጅ ደግሞ የሚቆጠረው በራሱ እናት ወገን ነው፤ የቀረችው የእህታቸው የልጅ ልጅ ናት። ያጉረመረመ አልጠፋም፣ ሴት ናት፣ ገና ልጅ ናት ብሎ። ግን ማን አለ ሌላ? የውርስ ሥርዓቱን ውሃ ጠጣች፣ ነጩን ዶቃ እጇ ላይ አሰርንላት፣ መጥረቢያቸውን ተቀበለች። ከዚያች ቀን ወዲህ ሉቡንዳ እሷ ናት። ማሳው የእሷ ነው። ልጆቼ አባቴ ይሏታል። ጉሮሮ መጥረጉን ማንም አላስተማራትም፤ ከውሃው በኋላ በራሱ ነው የመጣው።

"ስምሽ ማን ነው?" አላት ኢንስፔክተሩ።

"ሉቡንዳ ቺሴንጋ።"

"የተወለድሽበትን ስም ነው።"

"እሱን አውልቄዋለሁ።"

ጻፈ። "በክፍያው ቀን መምህሩን ምን አልሽው?"

እኔ ዝም በይ ብዬ አየኋት። እሷ ግን እንደ ባሌ ናት፣ ውሸት አትችልም። "እኔን ከሰረዝከኝ እኔም እሰርዝሃለሁ አልኩት። ተናድጄ ነበር።"

"ሰኞ ሲመሽስ የት ነበርሽ?"

"እዚሁ" አልኩ እኔ ቀድሜ። "አብረን ለመብል የበቆሎ ገለባ ስንወቅጥ ነበር። ከፀሐይ መግቢያ ጀምሮ ደጃፍ አልረገጡም።"

ኢንስፔክተሩ ደብተሩን ከደነ። በሀዘን ነው የተናገረው፣ እሱን አልክድም። "ሚስት ለባሏ የምትሰጠው ምስክርነት እኛ ዘንድ ክብደት የለውም። ባሌ ናት ካሉኝ ምስክር የላትም። ባሌ አይደለችም ካሉኝ ደግሞ የሞተ ሰው ገንዘብ ወስዳለች። የትኛውን ልጻፍ?"

ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ በጎኔ አለፈ።

ምዋባን ይዞ ሄደ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ከከተማ መኪና ይመጣል፣ እስከዚያ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ትቆለፋለች። አንዴ ከሄደች ክሱ የነፍስ ግድያ ነው፤ ከእስር ቤት የሚወጣ የለም፣ ወይ አርጅቶ ነው የሚወጣ። ባሌን አንዴ ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ ልቀብር አልፈቀድኩም።

ቺፒሊ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። በካቴና ታስራ ስታልፍ ሁለት እጁን አጨብጭቦ ተንበረከከላት፤ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው፣ ለአባቱ እንደሚደረገው። "አባቴ" አላት። እያለቀሰ ነበር፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ።

* * *

ቅዳሜ ገና ሲነጋ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ተቀምጫለሁ። በኛ አገር ሰኔ የበጋ ብርድ ነው፣ አጥንት ይገባል። ከውስጥ በየጊዜው ጉሮሮዋን ስትጠርግ እሰማለሁ፣ አለሁ ለማለት።

"እዚህ ተቀምጠው ምን ያተርፋሉ?" አለኝ ኢንስፔክተሩ ካደረበት ክፍል ሲወጣ። በጄሪካኑ ውሃ ፊቱን ታጥቧል።

"ምንም። አልነሳም ግን።"

"እልኸኛ ነዎት።"

"ባሌም እንዲሁ ይሉኛል።"

ሊስቅ ምንም አልቀረውም። አስከሬኑ ወደተገኘበት ጉድጓድ እንደገና ልሂድ አለ፤ እኔም አብሬው ተነሳሁ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲደርስ ቆመ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ክምር ክምር ግራጫ አመድ ተደርድሯል። ጤዛ ስላረፈበት አየር ውስጥ የእርጥብ ጭስ ሽታ አለ። ወፍ እንኳ አላረፈችበትም።

"ይኼ ምንድን ነው? የሕፃናት መቃብር ይመስላል።"

ነገርኩት። የሞት አመድ ነው፣ ከየቤቱ አንድ አንድ፣ ሐሙስ ማታ የተጣለ።

የፖሊስ ልማድ ሆኖበት በጣቱ መቁጠር ጀመረ። "አሥራ ዘጠኝ" አለ። "ስንት ቤት አለ?"

"አሥራ ዘጠኝ ምድጃ።"

"ማንም አልቀረም ማለት ነው" ብሎ ሊያልፍ ሲል እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሦስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ሒሳብ አላውቅም፣ የመንደሬን ምድጃ ግን አውቃለሁ። እግሬ ሥር ያለውን ክምር አየሁ። ሌሎቹ ልል ናቸው፣ እንደ ዱቄት። ይህኛው ከላይ ቅርፊት አብጅቷል፤ የብዙ ጎሕ ጤዛ ጠጥቶ የደረቀ። ጫፉ ላይ የባዶ እግር ዳና አለ፤ ትልቁ ጣት ወደ ውጭ የዞረ። የኔ እግር ነው።

"ኢንስፔክተር" አልኩ። "ይኼ የሐሙስ አይደለም። የማክሰኞ ነው። ሳይነጋ ረግጬዋለሁ፣ ትኩስ ነበር።"

"እና?"

"እናማ፣ ይኼ ባይቆጠር አሥራ ስምንት ነው። አንድ ቤት ሐሙስ አልጣለም። ማክሰኞ ጥሎ ነበር።"

ገና አልገባውም ነበር። እኔ ግን ቀናቱን ቆጠርኩለት። ሲያሜ የሞተው ሰኞ ሲመሽ ነው። መሞቱን መንደሩ ያወቀው ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ሳይነጋ እሳቱን የቀየረ ሰው፣ ለማን ሞት ነው የቀየረው?

"ገዳዩ ማንም ሳያውቅበት ዝም ብሎ ማብሰል ይችል ነበር" አለ ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ።

"አይችልም። ልጅ ካለው አይችልም።"

"አመድ ፍርድ ቤት አይሄድም፣ እናቴ።"

"አመዱን አይውሰዱት፤ ውስጡን ይዩት።"

ዱላ ሰብሮ ቅርፊቱን ፈነቀለው። መጀመሪያ ከሰል ብቻ ነበር። ከዚያ ዱላው አንድ ነገር ነካና ቂርር አለ። ጥምዝ ሽቦ አወጣ፣ የደብተር ጀርባ የሚይዘውን። ከሥሩ ደግሞ በእሳት የጠቆረች ትንሽ ቆርቆሮ። በጥፍሩ ሲከፍታት ጥጉ ላይ ያልተቃጠለ ሰማያዊ ቀለም ቀርቷል። አውራ ጣታችንን ሁሉ የነከርንባት ናት።

ኢንስፔክተሩ መሀረቡን አውጥቶ ጠቀለላት። ከዚያ ሌላ ዓይነት ሰው ሆኖ አየኝ። "የማን ቤት ነው?"

"አመዱ አይናገርም። ፍም የሰጡት ግን ያውቃሉ።"

* * *

የሹሙ ሚስት አሮጊት ናቸው፣ ጥርስ የላቸውም፣ አንደበት ግን አላቸው። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው።

"እማማ፣ ሐሙስ ማታ ፍም ሲሰጡ ያልመጣ ቤት አለ?"

"ምን ነካሽ፣ እኔን ልትመረምሪ መጣሽ? ከፖሊስ ጋር ውለሽ ፖሊስ ሆንሽ?"

"እማማ፣ ባሌ ታስረዋል።"

ያኔ ለስለስ አሉ። በጣታቸው ቆጠሩ፣ ከላይኛው ቤት ጀምረው፣ እያንዳንዷን በልጇ ስም። "የንኮሌ እናት አልመጣችም" አሉ በመጨረሻ። "ትንሿ ልጅ ታማ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ለአሥራ ሰባት ቤት ሰጠሁ፣ የኔ አሥራ ስምንተኛ ነው።"

የንኮሌ እናት የቺፒሊ ሚስት ናት። ዋንጂ ሱቅ ውስጥ የተናገረውም ያኔ ጆሮዬ ላይ ተመልሶ ጮኸ፤ ለጸሐፊው አንድ ክብሪት። ከጎረቤት ፍም መጠየቅ አልቻለማ። ምን ብሎ ይጠይቃል?

"ዘመድዎ ናቸው?" አለኝ ኢንስፔክተሩ።

"ልጄ ነው።"

"እዚህ ይቆዩ። እኔ ልሂድ።"

መቆየት እችል ነበር። ዝም ማለትም ቀደም ብዬ እችል ነበር፣ አመዱ ላይ ቆመን ሳለ። ለሦስት ልጆቹ ሬሳ ማጠቢያውን ውሃ ያሞቅኩት እኔ ነኝ። በሌላ በኩል ደግሞ እዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ ያለ ጥፋቷ ጉሮሮዋን የምትጠርግ ልጅ አለች።

"እሄዳለሁ" አልኩት።

* * *

የቺፒሊ ቤት ለጉድጓዱ ከሁሉም የቀረበ ነው፣ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። ሚስቱ ንኮሌን በጭኗ አስቀምጣ ቀጭን ገንፎ ታበላታለች። እኔን ስታይ ፈገግ አለች፤ ከኋላዬ ኢንስፔክተሩን ስታይ ማንኪያው አየር ላይ ቆመ።

"ልጄ" አልኳት፣ "ሐሙስ ማታ ፍም ለምን አልወሰድሽም?"

"እሳታችን... አዲስ ነበር፣ እማ።"

"አሮጌውን መቼ ጣላችሁት?"

ንኮሌ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። እናቲቱ ማንኪያውን አላቀረበችላትም። "ለማን እንደሆነ አትጠይቂኝ ብሎኝ ነው" አለች። "አመዱን ጣይ ብቻ አለኝ። ጣልኩ። ሐሙስ መምህሩ ከጉድጓዱ ሲወጣ ያኔ ገባኝ። ሁለተኛ ጊዜ ብጥል ሁለተኛ ሬሳ እጠራለሁ ብዬ ፈራሁ። አንድ ናት የቀረችኝ፣ እማ። አንድ ብቻ ናት።"

"ተያት" አለ ድምፅ ከቤቱ ጀርባ። ቺፒሊ መቆፈሪያውን ግድግዳው ላይ ደግፎ መጣ። "እሷ ምንም አታውቅም። እኔ ነኝ።"

ኢንስፔክተሩ አልነካውም። ግንዱ ላይ ተቀመጠ፣ ቺፒሊም አጠገቡ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ሳየው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

"ሰኞ ሲመሽ እዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ብስክሌቱን ይዞ አገኘኝ" አለ ቺፒሊ። "ሲያሜ ክፉ ሰው አይደለም። ከላይ ታዞ ነው፣ በዓይንህ ሳታይ አትላክ ተብሎ። ስድስት ሰው ጽፈሃል፣ የማየው ሦስት ነው፣ የቀሩትን ጥራቸውና ልያቸው አለኝ።"

"ምን አልከው?"

"ጠራኋቸው።"

ቺፒሊ ወደ ጉድጓዱ አየ።

"ለምን እንደሆነ አላውቅም። አፌ ነው የጠራው። ሙቴታ ብዬ ጠራሁ። ካሉንጋ ብዬ ጠራሁ። ሕፃኗን፣ ንዳላን። ጉድጓዱ ደረቅ ነው፣ ስማቸው ከሥር ተመልሶ መጣ፣ አንድ በአንድ፣ በቀጭን ድምፅ። አቤት እንዳሉኝ ነው የሰማሁት። ሲያሜ ግን አልሰማም። ቀዩን እስክሪብቶ አውጥቶ ደብተሩን ብስክሌቱ ወንበር ላይ አድርጎ ጫረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጭረቱ ይሰማኛል። ገፋሁት።"

"ጮኸ?"

"አልጮኸም። ደብተሩ፣ ዝርዝሩና ቀለሙ እላይ ቀሩ፤ ምድጃዬ ውስጥ አቃጠልኳቸው። ብስክሌቱን የጣልኩት ዝም ካለ ቆይቶ ነው።"

ኢንስፔክተሩ ጻፈ። "ክፍያው ለአንድ ቤት እኩል ነው፣ አይደለም?" አለ። "ስድስትም ሁኑ ሦስት፣ አራት መቶ ክዋቻ ነው። ዝርዝሩን የጻፍከው አንተ ነህ፣ ታውቃለህ። ልጆቹን በመጻፍህ ምን አገኘህ?"

"ምንም።"

"ታዲያ?"

"ስማቸውን ስጽፍ ይኖሩልኛል" አለ ቺፒሊ።

እኔ መናገር የለብኝም ነበር፤ አልቻልኩም። "ያቺ ልጅ በአንተ ፋንታ ስትታሰር ቆመህ አየህ! አባቴ ብለህ ተንበረከክህላት!"

"ጠዋት እናገራለሁ ብዬ ነበር፣ እማ።"

"ስንት ጠዋት አለፈህ?"

እጁን ለኢንስፔክተሩ ዘረጋ።

* * *

መኪናው እኩለ ቀን ላይ መጣ። ሰው ሁሉ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። ኢንስፔክተሩ ዕቃ ቤቱን በራሱ እጅ ከፈተና ምዋባን አወጣት። ይቅርታ ብሎ በአገሩ ልማድ አጨበጨበላት። እሷ በብርሃኑ ዓይኗን ጨፍና ቆመች፤ ጠጉሯ ላይ የኖራ ብናኝ ነበር።

ቺፒሊን ወደ መኪናው ሲወስዱት ፖሊሱን አንዴ አቁመኝ አለው። ካቴና በእጁ ስላለ ማጨብጨብ አልቻለም። መጥቶ የምዋባ እግር ሥር ተንበረከከ፣ ግንባሩ አቧራ ነካ።

"አባቴ" አላት። "ጥፋቴን አንተ ላይ ተውኩት። አንተን አስያዝኩ።"

"ሰምቻለሁ፣ ልጄ" አለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ።"

"ጠይቀኝ።"

"አንተ ሞተህ ተመልሰሃል። ሁሉም ሲያይ ተመልሰሃል፣ ውሃ ትቀዳለህ፣ ማሳህን ትቆፍራለህ። እነሱ ለምን አልተመለሱም?"

ሕፃናትን የሚወርስ የለም። ስም የሚሰጠው ለትልቅ ሰው ነው፤ ልጅ ሲሞት ስሙ አብሮት ይገባል። ይህን እዚያ የቆምን ሁሉ እናውቃለን፣ ቺፒሊም ያውቃል። ሊነግረው የደፈረ ግን አልነበረም።

ባሌ ጎንበስ ብለው የቺፒሊን ግንባር በመዳፋቸው ጠረጉ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ሄደው ንኮሌን ከጀርባዋ ፈትተው አቀፏት፣ ከፍ አድርገው ያዟት፤ አባቷ ከመኪናው ላይ ሆኖ እስከ መታጠፊያው ድረስ እንዲያያት።

"ስሟን ጥራ!" ብለው ጮኹለት።

"ንኮሌ!" አለ ቺፒሊ ከመኪናው።

ልጅቷ አቤት አለች።